ሰው ያለበት በር

«እናንተ ቤት በር ይቆለፋል?» ተብለው ሲጠየቁ አብዛኞቹ ሰዎች ብዙም ሳያስቡ አዎ ወይም አይ ብለው ይመልሳሉ፤ ቆም ብሎ ላሰበበት ሰው ግን ጥያቄው አንድ ሳይሆን ቢያንስ ሦስት ነው። ቤቱን ባዶ ጥሎ ሲወጡ መቆለፍ አለ፤ ቀን ላይ ቤተሰቡ ውስጥ እያለ መቆለፍ አለ፤ ከመተኛት በፊት መቆለፍም አለ። የመጀመሪያው የሚጠብቀው ንብረትን ነው፤ የመጨረሻው ሰውን ነው፤ የመካከለኛው ግን ምን እንደሚጠብቅ ቆላፊውም ራሱ ሁልጊዜ አጥርቶ አያውቅም። ይህንን ወሬ በዘመድ ወዳጅ መካከል ባነሣሁ ቁጥር የማስተውለው፣ «እኛ እንቆልፋለን» የሚሉት ስለ መጀመሪያው፣ «እኛ አንቆልፍም» የሚሉት ደግሞ ስለ መካከለኛው እየተናገሩ፣ ሳይገናኙ ሲከራከሩ ማምሸታቸውን ነው።

በእኛ ቤት ክርክሩ የቆየ ነው። ባለቤቴ ያደገው አያት፣ አክስት፣ ታላላቅና ታናናሽ በሞሉበት ቤት ውስጥ ስለሆነ፣ በቀን የተቆለፈ በር ሲያይ አንድ ሰው የታመመ ወይም ጠብ የተነሣ ይመስለዋል። እኔ ያደግሁት ሥራ ውላ ማታ ለምትመለስ እናት ብቸኛ ልጅ ሆኜ ነው። ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ አስራልኝ ትወጣለች፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ክሩን ሳላወልቅ ቁልፉን ከደረቴ መዝዤ፣ ክሩ አጭር ስለሆነ በሩ ላይ ተለጥፌ እከፍታለሁ፤ ገብቼ ከውስጥ መልሼ ሳልቆልፍ ደግሞ ቦርሳዬን መሬት ማስቀመጥ አይፈቀድልኝም ነበር። ስለዚህ እርሱ «ሰው እያለ ምን ያስቆልፋል?» ሲል፣ እኔ «ሰው ስላለ ነዋ!» እላለሁ። የሚያውቁን ሰዎች ልዩነቱን የጠባይ ያደርጉታል፤ እርሱን ሰው አማኝ፣ እኔን ተጠራጣሪ ይሉናል። እኔ ግን ነገሩ ከጠባይ ይልቅ ያደግንባቸው ቤቶች በቀን ስንት ሰው ይውልባቸው እንደነበር የሚያሳይ ይመስለኛል።

ባለቤቴ ስለ አያቱ ሲያወራ አንድ ነገር ይደጋግማል። አያቱ በርጩማቸውን ከበሩ ትይዩ አድርገው፣ ከዕድሜያቸው የተነሣ ብዙም ሳይንቀሳቀሱ፣ ቀኑን ሙሉ እዚያው ይውሉ ነበር። ዐይናቸው እየደከመ በሄደበት ጊዜ እንኳን የሚመጣውን ሰው በእግሩ ኮቴ ይለዩታል። የሚያውቁት ከሆነ ገና ደፉን ሳይረግጥ በስሙ ይጠሩታል፤ የማያውቁት ከሆነ «ማነህ?» ይሉታል፤ መልሱ ካላጠገባቸው «የማን ልጅ ነህ? ማንን ፈልገህ ነው?» ብለው ይቀጥላሉ። ገንዘብ ሊበደር የመጣውን ከመግባቱ በፊት ያውቁታል፤ ተጣልቶ የመጣውን አረጋግተው ያስገቡታል፤ ልጆቹ ከማን ጋር እንደወጡና መቼ እንደተመለሱም ይመዘግባሉ፤ መዝገባቸውም ጭንቅላታቸው ነው። ያንን ቤት «በሩ አይቆለፍም ነበር» ብሎ መግለጽ እውነት ቢሆንም ነገሩን ግማሽ አድርጎ ማቅረብ ነው። ቤቱ ቁልፍ ነበረው፤ ቁልፉ በርጩማ ላይ የተቀመጡ አሮጊት ነበሩ።

«ድሮ በር አይቆለፍም ነበር» የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ማመስገን የሚፈልጉት የቀድሞውን ሰው ሐቀኝነት ነው። ሐቀኝነቱን አልክድም፤ ግን ሌባ የሌለበት ዘመን ነበረ ብሎ ማመን ያስቸግረኛል። ለእኔ ይበልጥ አሳማኝ የሚሆነው፣ ቤት በቀን ባዶ ሆኖ የማይውልበት ዘመን ነበር ማለት ነው። አዋቂው በሙሉ ለሥራ፣ ልጁ በሙሉ ለትምህርት ወጥቶ፣ መንደሩ በሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ ጭር ብሎ የሚውልበት አኗኗር ሲመጣ፣ በር ላይ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ፤ ሥራውንም ብረት ወረሰው። ችግሩ ብረቱ የወረሰው ከሥራው አንዱን ክፍል ብቻ መሆኑ ነው። መከልከሉን ቻለበት፤ መለየቱን፣ መጠየቁን፣ ማስገባቱን ግን አልቻለበትም።

የቁልፍ ታሪክም ይህንኑ የሚያጠናክር ይመስለኛል። ከቀደምት የበር ማጥበቂያዎች አንዱ መወርወሪያ ነው፤ ከውስጥ በኩል ከመቃን እስከ መቃን የሚጋደም እንጨት። መወርወሪያ እጅግ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ ጉድለት አለው፤ የሚጋደመው ከውስጥ ስለሆነ ሁልጊዜ ውስጥ የሚቀር ሰው ይፈልጋል። ቤቱን ዘግቶ መሄድ ለሚፈልግ ሰው ዋጋ የለውም። ስለዚህ ከውጭ የሚሠራ ቁልፍ ማለት፣ ቤትን ያለ ሰው ጥሎ መሄድ እንዲቻል የተፈጠረ ነገር ነው ማለት ነው። የጥንት ግብጻውያን ይጠቀሙበት የነበረው የእንጨት ቁልፍ መቀርቀሪያው ላይ በተበሱ ቀዳዳዎች ውስጥ ከላይ በሚወድቁ ትንንሽ ካስማዎች የሚያዝ ሲሆን፣ ጫፉ ላይ ጥርስ ያለው ረጅም የእንጨት መክፈቻ ከሥር ገብቶ ካስማዎቹን ወደ ላይ ሲገፋቸው መቀርቀሪያው ይላቀቃል። ሮማውያን ነገሩን ወደ ብረትና ነሐስ አመጡት፤ መክፈቻውንም እጅግ ከማሳነሳቸው የተነሣ አንዳንዶቹ እንደ ቀለበት ጣት ላይ የሚጠለቁ ነበሩ። ዛሬ በአብዛኞቻችን ኪስ ውስጥ የሚገኘው ጠፍጣፋና ጥርሳም ቁልፍ ደግሞ አሜሪካዊው ሊነስ ዬል ልጁ (አባቱም በዚያው ስም የሚጠራ ቁልፍ ሠሪ ነበር) እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1865 ባስመዘገባቸው ፈጠራዎች ላይ የቆመ ነው፤ የአሠራሩ መሠረት ግን ያው የጥንቱ፣ ወድቆ የሚይዝና ተነሥቶ የሚለቅ ካስማ ነው።

አንድ ጊዜ ከበር ላይ የተነቀለ አሮጌ ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ፈትቼ ዐይቻለሁ። ሲሊንደሩን፣ ማለትም መክፈቻው ገብቶበት የሚዞረውን ክፍል፣ ከማቀፊያው ሳወጣው ከፀጉር ብዙም የማይወፍሩ ሞላዎች ተፈናጥረው አንዱ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ሥር ገባ። የነሐስ ፒኖቹ፣ ማለትም ካስማዎቹ፣ ጠረጴዛው ላይ ተበተኑ፤ እያንዳንዳቸው ከሩዝ ፍሬ ብዙ አይበልጡም፤ ቁመታቸውም የተለያየ ነው። በዚህ ዓይነት ቁልፍ ውስጥ ብዙውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ጥንድ ፒኖች ይገኛሉ፤ የእያንዳንዱ ጥንድ መገናኛ ከሲሊንደሩ ጠርዝ ጋር በአንድ መሥመር ሲሰለፍ ብቻ ሲሊንደሩ ይዞራል። የቁልፉ ጥርስ ከፍታና ዝቅታ ሥራው ይኸው ነው፤ አንዱን ብዙ፣ ሌላውን ጥቂት ገፍቶ ሁሉንም በአንድ መሥመር ማሰለፍ። ያንን ሁሉ ዓመት ቤታችንን ይጠብቅልናል ብለን የተኛነው ይህ በእፍኝ የማይሞላ ብረት ነበር እንዴ ብዬ ትንሽ ማፈሬ አልቀረም፤ ያም ሆኖ አሠራሩን እጅግ አደነቅሁ።

ጥሩ ቁልፍ ለባለሙያ እንኳን ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ከሚያሳዩ ታሪኮች የምወደው የለንደኑን ነው። ጆሴፍ ብራማ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1784 ያስመዘገበውን ቁልፍ ያለ መክፈቻው ለሚከፍት ሰው 200 ጊኒ (የቀድሞ የእንግሊዝ ገንዘብ) እንደሚሰጥ የሚገልጽ ማስታወቂያ ድርጅቱ በመስኮቱ ላይ ሰቅሎ ለአሥርተ ዓመታት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1851 በለንደን በተካሄደው ታላቁ ዐውደ ርእይ ወቅት አልፍሬድ ቻርልስ ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ ቁልፍ ሠሪ መጥቶ፣ በ16 ቀናት ውስጥ የተከፋፈለ 51 ሰዓት ፈጅቶ ከፈተው። ከዚያም ቀደም ብሎ ቸብ የተባለውን የእንግሊዝ ቁልፍ ሠሪ ድርጅት ዝነኛ ቁልፍ በ25 ደቂቃ ገደማ ከፍቶት ስለነበር ሁለቱ ተደማምረው ቁልፍ የማይከፈት ነገር ነው ብሎ ያምን የነበረውን ሕዝብ አስደነገጡት። እኔን የሚገርመኝ ግን የሕዝቡ ድንጋጤ ነው። 51 ሰዓት በር ላይ ተንበርክኮ የሚቆይ ሌባ ከየት ይመጣል? የቤት ሌባ አብዛኛውን ጊዜ እጀታውን ሞክሮ ያልተቆለፈ በር ወይም ገርበብ ያለ መስኮት የሚፈልግ፣ ካላገኘ ደግሞ የሚገፋ፣ የሚፈነቅል ወይም ወደሚቀጥለው ቤት የሚያልፍ ሰው ነው። ሲገፋም ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ቁልፉ ሳይሆን መቃኑ ነው፤ የቁልፉ ምላስ የሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ብረት በአጫጭር ብሎኖች ለስሙ ከተያዘ፣ እንጨቱ ተሰንጥቆ ውድ የተገዛው ቁልፍ እንደተቆለፈ በሩ ወለል ይላል። እግረ መንገዴን ልናገርና፣ ቁልፍ ለመቀየር ከማሰብ በፊት እነዚያን ብሎኖች በረጃጅሞች መተካት የተሻለ ይመስለኛል። በሩ በራሱ ሲዘጋ «ቀጭ» የምትለዋ ሰያፍ ምላስም በሞላ የምትገፋ ስለሆነች ብዙ ጊዜ በስስ ፕላስቲክ ካርድ ተገፍታ ትመለሳለች፤ በሩ ተዘግቷል ማለት ተቆልፏል ማለት የማይሆነውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ቁልፍ ሙሉ በሙሉ የማይከለክል ከሆነ ምን ይሠራል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጊዜ ይገዛል፤ ድምፅ ያሰማል፤ ምልክት ያስቀራል። ሌባው መስበር ሲኖርበት ይቆያል፣ ያንኳኳል፣ የተሰበረም ነገር ጥሎ ይሄዳል። የመድን ድርጅቶች ለተሰረቀ ንብረት ካሣ ሲጠየቁ በኃይል የተገባበት ምልክት አለ ወይ ብለው የሚጠይቁት አንድም ለዚህ ነው። በእንግሊዝ የቀድሞ የልማድ ሕግ ደግሞ ነገሩ ከዚህም የረቀቀ ነበር። ሌሊት የሰው መኖሪያ ቤት ሰብሮ መግባት ራሱን የቻለ ከባድ ወንጀል ሲሆን፣ «መስበር» ለመባል የግድ እንጨት መሰንጠቅ አያስፈልግም ነበር፤ የተዘጋ፣ ነገር ግን ያልተቆለፈ በር እጀታውን አዙሮ መክፈት እንደ መስበር ይቆጠራል፤ ወለል ብሎ በተከፈተ በር መግባት ግን አይቆጠርም። ያ ሕግ ዋጋ የሰጠው ለብረቱ ጥንካሬ ሳይሆን ባለቤቱ «አትግባ» ማለቱን በመዝጋት ለማሳወቁ ነው። ይህን ሳስብ ለባለቤቴ የምሰጠው አንድ ነጥብ አለ፤ በደንብ የተዘጋ በር ባይቆለፍም ዝም ያለ በር አይደለም።

ቁልፍ ዝም የሚለው ለባለቤቱ ነው። በር ላይ የሚቀመጥ ሰው ከመንገድ ተመልሶ «ሁሉም ደኅና ነው?» ለሚለው «ደኅና ነው፣ ሂድ» ይለዋል፤ ብረት ግን መልስ የለውም። ከቤት ርቆ የሄደ ሰው «ቆልፌያለሁ ወይስ አልቆለፍኩም?» እያለ የሚጨነቀው፣ አንዳንዱም እስከ መመለስ የሚደርሰው ከዚህ የተነሣ ነው። ማርሴል ቫን ደን ሃውትና መረል ኪንት የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ተሳታፊዎች በኮምፒውተር ላይ የተሠራ የጋዝ ምድጃ ማብሪያዎችን ደጋግመው እንዲዘጉና እንዲያረጋግጡ አደረጉ። ደጋግመው ያረጋገጡት ሰዎች የመጨረሻውን ማረጋገጫ በትክክል የማስታወስ ችሎታቸው ይህን ያህል አልተጎዳም፤ የተጎዳው ትዝታቸው ጥርት ያለ መሆኑና በትዝታቸው ላይ ያላቸው እምነት ነበር። በአጭሩ፣ ለመተማመን ብሎ የሚያረጋግጥ ሰው ባረጋገጠ ቁጥር መተማመኑ ይቀንስበታል። ይህ ውጤት በተለይ ደጋግሞ በማረጋገጥ ግዴታ ለሚሰቃዩ ሕሙማን ሕክምና ጠቃሚ ሆኗል፤ ለእኔ ለጤነኛዋም ግን ጠቅሞኛል። አሁን ቁልፉን ሳዞር «ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ዝናብ ያካፋል» የመሰለ፣ የዚያን ቀን ብቻ የሆነ ነገር ድምፄን አውጥቼ እላለሁ፤ መንገድ ላይ ጥርጣሬው ሲመጣ ከቁልፉ ይልቅ ቃሉን አስታውሳለሁ። ልጄ ከጎኔ ካለች በዚህ በጣም ታፍራለች።

በር ላይ ያለው ሰውና ብረቱ ይበልጥ የሚለያዩት ግን አደጋው ከውስጥ ሲመጣ ነው። ሰው እሳት ሲያይ በሩን ይከፍታል፤ የተቆለፈ ብረት ለእሳትም ለሌባም አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 25 ቀን 1911 በኒው ዮርክ ከተማ ትራያንግል በተባለው የልብስ ስፌት ፋብሪካ እሳት ሲነሣ 146 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ወደ አንዱ መውጫ ደረጃ የሚያወጣው በር ተቆልፎ ነበር፤ ሠራተኞቹ ሲወጡ ቦርሳቸው እየተፈተሸ በአንድ በር ብቻ እንዲያልፉ ነበር የሚደረገው፤ ምክንያቱም ጨርቅ እንዳይሰርቁ ነው። ባለቤቶቹ በዚያው ዓመት ለፍርድ ቀርበው፣ በሩ በዚያች ሰዓት መቆለፉን ያውቁ እንደነበር ስላልተረጋገጠባቸው በነፃ ተለቀቁ። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 30 ቀን 1903 በቺካጎ የኢሮኮይ ቲያትር ቤት ሲቃጠል 602 ሰዎች አልቀዋል፤ ከመውጫዎቹ ብዙዎቹ የተቆለፉ ወይም ለሕዝቡ እንግዳ በሆነ መቀርቀሪያ የተዘጉ ነበሩ። በዚያ ቀን ትርኢቱን ሊያይ አስቦ የቀረው ካርል ፕሪንዝለር የተባለ የብረታ ብረት ነጋዴ ነገሩ እንቅልፍ ነሥቶት፣ ከአንድ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ጋር ሆኖ፣ ከውጭ የሚቆለፍ ከውስጥ ግን በሰውነት ክብደት ሲገፉት የሚከፈተውን አግዳሚ ብረት ያለውን የበር መቆለፊያ አሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1908 ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በትልልቅ ሕንፃዎች የአደጋ ጊዜ መውጫ ላይ የምናየው እርሱ ነው።

ይህ የፋብሪካና የቲያትር ቤት ጉዳይ ነው የሚል ካለ ማታ በሩን የሚቆልፍበትን መንገድ ደግሞ ይመልከት። ከውስጥም ከውጭም በቁልፍ ብቻ የሚከፈት በር ቆልፈው፣ ቁልፉን ነቅለው፣ መኝታ ቤት ኮመዲኖ ውስጥ አስቀምጠው የሚተኙ ሰዎች አውቃለሁ። አንዲት የቅርብ ዘመዴ ቁልፏን ትራስ ሥር ታደርጋለች። ጭስ በሞላበት ጨለማ፣ ሦስት ልጆች እየጎተቱ፣ ቁልፍ መፈለግ ምን እንደሚመስል ጠይቄያት አኩርፋኝ ነበር። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ በውስጥ በኩል ቁልፍ የማይፈልግ፣ በጣት የሚዞር መክፈቻ ያለው ቁልፍ አለ፤ በብዙ አገሮች የሕንፃ ደንብም ከመኖሪያ ቤት መውጫ በር ያለ ቁልፍ መውጣት መቻል አለበት የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። መስታወት ያለው በር ከሆነ ሌባ መስታወቱን ሰብሮ እጁን አስገብቶ ያዞረዋል የሚለው ክርክር እውነትነት አለው፤ እንደዚያ ከሆነ ግን መስታወቱን መቀየር እንጂ ቤተሰቡን ከውስጥ መቆለፍ መፍትሔ አይመስለኝም። ከባዱ ጥያቄ የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው በቤት ሲኖር ነው። ሌሊት ተነሥቶ ወጥቶ መንገድ የሚጠፋበትን አባት በር ቆልፎበት መተኛት ፍቅርም እስራትም ነው፤ ያንን በር የሚተካ ነቅቶ የሚያድር ሰው ለሌለው ቤተሰብ ምክር ለመስጠት ድፍረቱ የለኝም።

ቁልፍ የመጣውን ሰው መለየት አለመቻሉን ገልብጠው የተጠቀሙበትም አሉ። በካናዳ ማኒቶባ፣ በሀድሰን የባሕር ወሽመጥ ዳር ባለችው ቸርችል በተባለች ትንሽ ከተማ የበረዶ ድቦች በየዓመቱ በመንገዶቿ ያልፋሉ፤ ነዋሪዎቿም መኪናቸውን ሳይቆልፉ የማቆም ልማድ አላቸው፤ ድብ ያጋጠመው ማንኛውም መንገደኛ ዘሎ ገብቶ እንዲድን። እዚያ ያልተቆለፈ በር የሰዎቹን የዋህነት አያሳይም። ሌባ ከሚወስደው ዕቃ ይልቅ በተቆለፈ መኪና እጀታ ላይ የሚቀር ሰው ያሳሰባቸው በመሆኑ ነው። ሁለቱን መዝነው አንዱን መርጠዋል፤ እኔ ከዚህ ሁሉ ክርክር የምወደው እንዲህ ያለውን መመዘን ነው።

ልጃችን አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ክርክሩ ሦስተኛ ወገን አገኘ። እርሷ ቁልፍ የሚባለውን ነገር ሁሉ ትታ በቁጥር ወይም በስልክ የሚከፈተውን እንድናስገባ ፈለገች፤ ምክንያቷም ቁልፍ መያዝ ስለሚሰለቻት ነው። የማስታወቂያውን ጽሑፍ አብረን አነበብን። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ቁጥር ይሰጣል፤ ማን በስንት ሰዓት እንደገባና እንደወጣ ይመዘግባል፤ በርቀት ሆኖ መቆለፍና መቆለፉን ማረጋገጥ ይቻላል፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ያሳውቃል። ባለቤቴ «ይኸው አያቴ ተመለሱ!» ብሎ ሳቀ። ልጃችን ግን መዝገቡ ጋ ስትደርስ ፊቷ ተለወጠ።

«እማዬ፣ ስንት ሰዓት እንደገባሁ ሁሌ ታያለሽ ማለት ነው?»

«አዎ።»

«ካለፈው ወርም?»

«ካለፈው ዓመትም።»

በቀድሞው ቁልፍ እንድንቀጥል ወሰነች። ሳስበው ልክ ናት። የባለቤቴ አያት ማን መቼ እንደገባ ያውቁ ነበር፤ ግን ደግሞ ይረሱ ነበር፤ አውቀውም ያላዩ ይሆኑ ነበር። ባለቤቴ በጉርምስናው ማታ አምሽቶ ሲገባ ኮቴውን ሰምተው እንደተኛ ሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ እንደነበር ራሱ ይናገራል። ማሽኑ ሰውን ለመለየት ተቃርቧል፤ ያላየ ለመሆን ግን ገና ነው።

የትርፍ ቁልፍ ነገር የሚያስቸግረውም ለዚህ ይመስለኛል። አንድ ሰው ቁልፉን ረስቶ ወይም ጥሎ ሲመጣ የሚገባበት መንገድ ያስፈልገዋል፤ ብዙ ሰው ታዲያ ትርፍ ቁልፉን እግር መጥረጊያ ሥር፣ አበባ ማሰሮ ሥር፣ ወይም ከመቃኑ በላይ ያስቀምጠዋል፤ ሌባም መጀመሪያ የሚዳብሳቸው ቦታዎች እነዚህ መሆናቸውን እያወቀ። ከዚህ የሚሻለው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ለሰው መስጠት። ለማን እንደሚሰጥ ማሰብ ሲጀምር ደግሞ አንድ ቤተሰብ ስንት የሚያምነው ጎረቤት እንዳለው ወዲያው ይገለጥለታል። እኛ ከታች ፎቅ ብቻቸውን ለሚኖሩ አንዲት እናት ሰጠን። እርሳቸውም በሳምንቱ የእርሳቸውን ይዘው መጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡት። «እኔ እንኳን ቁልፍ አልጥልም፤ ግን ልጄ፣ ሁለት ጊዜ አንኳኩተሽ ካልመለስኩልሽ ክፈቺው» አሉኝ።

ይህ ስምምነት አንድ ያላሰብነውን ነገር አመጣ። እርሳቸው በራቸው ላይ፣ ከቁልፉ በላይ፣ ከውስጥ ብቻ የሚሠራ ወፍራም መቀርቀሪያ አላቸው፤ ማታ ማታ እርሱንም ይወረውሩት ነበር። መቀርቀሪያው ተወርውሮ ሳለ የሰጡኝ ቁልፍ ምንም አይሠራም። ይህንን ስነግራቸው ረጅም ጊዜ አሰቡና ከዚያ በኋላ መቀርቀሪያውን መተው እንደመረጡ ነገሩኝ፤ ሌሊት ወድቀው ሰው ሳይደርስላቸው ከመቅረት ሌባ ቢገባ ይሻላል አሉ። ባለቤቴ ውሳኔያቸውን ወደደው፤ እንዲያውም የእኛንም የበር ሰንሰለት ለምን አንተወውም፣ እርሳቸውም ቁልፋችንን ይዘዋል እኮ አለ። እኔ ደግሞ እኛ አራት ጆሮ ያለን ጤነኞች ነን፣ ልጅም አለችን፣ ማታ ሰንሰለቱ ይቆይ እላለሁ። ልጃችን ከሁለታችንም ዘግይታ የምትተኛ ስለሆነች፣ ለጊዜው ሰንሰለቱን የምታደርገውም የማታደርገውም እርሷ ሆናለች።